በክሊኒክና በታካሚ መካከል የሚያልፈው ቃል፦ የሕሙማንን ምስጢር ጠብቆ ስለ መገናኘት

በአንድ ክሊኒክ ውስጥ ስለ ታካሚው የሚነገረው ነገር የሚጀምረው በሐኪሙ ጠረጴዛ ፊት አይደለም፤ በካርድ ክፍሉ መስኮት ነው። ታካሚው ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ዕድሜውንና ቀበሌውን በመስኮቱ ይናገራል፤ ከኋላው የተሰለፉትም ይሰማሉ። «ምንዎን አመመዎ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱን የሚሰጠው ለመዝጋቢው ብቻ ሳይሆን ለሰልፉ ሁሉ ነው። በትልቅ ከተማ ከኋላ የቆመው ሰው ብዙውን ጊዜ እንግዳ ስለሆነ ጉዳቱ ያን ያህል ላይሰማ ይችላል። በገጠር ወረዳና በትንንሽ ከተሞች ግን ከኋላ የቆመው የጎረቤት ልጅ፣ የዕድር ዳኛ ወይም አብሮ ማኅበር የሚጠጣ ወዳጅ ነው። ታካሚው ይህን ስለሚያውቅ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ ወይ እውነተኛውን ሕመም ደብቆ «ራሴን ነው» ብሎ ይገባል፣ ወይም ደግሞ ማንም የማያውቀው ክሊኒክ ፍለጋ ሩቅ አገር ይሄዳል። የትራንስፖርት ገንዘብ ያጣ ዕለት ደግሞ መሄዱን ያቆማል።

ነገሩ የሕክምና ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከአብያተ ክርስቲያናትና ከገዳማት ጎን የተቋቋሙ ክሊኒኮች አሉ፤ በነዚህም ላይ ሕክምና ያልተማሩ የሰበካ ጉባኤ አባላት የአስተዳደር ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። ክሊኒክ የሌለው አጥቢያም ቢሆን የታመመ ምእመን ርዳታ ሲጠይቅ የሕክምና ወረቀት ይቀበላል፣ ሕሙማንን በየቤታቸው ይጠይቃል፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር በአንድ ቀበሌ ይሠራል። ስለዚህ ክሊኒክ ከታካሚው ጋር እንዴት እንደሚነጋገር፣ የትኛው ቃል ለማን እንደሚነገርና የትኛው እንደማይነገር ማወቅ ለካህናትና ለኮሚቴ አባላትም የዕለት ተዕለት ሥራ አካል ነው።

ምስጢሩ ምኑ ነው?

ብዙዎች የታካሚ ምስጢር ሲባል የበሽታው ስም ብቻ ይመስላቸዋል። የበሽታው ስም በርግጥ ዋናው ነው፤ ምስጢሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ሰውዬው ወደ ክሊኒኩ መምጣቱ፣ የገባበት ክፍል፣ የያዘው የመድኃኒት ዕቃ፣ የቀጠሮው ቀን፣ አብሮት የመጣው ሰው፣ የከፈለው ገንዘብ፣ ሌላው ቀርቶ ላለመምጣት የሰጠው ምክንያት ሁሉ ስለ ሕመሙ ይናገራሉ። ለኤች አይ ቪ ክትትል ብቻ የተለየ በር ወይም የተለየ ሕንፃ ባላቸው የጤና ተቋማት ማንም አፉን ሳይከፍት በሩ ራሱ ይናገራል። አገልግሎቱን ከተራው ተመላላሽ ሕክምና ጋር በአንድ መተላለፊያ ማድረግ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በአገራችን ሕግም ጉዳዩ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው የግል ሕይወትና ግላዊነት የመከበር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በስልክና በሌሎች የመገናኛ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶችንም በዚሁ ጥበቃ ሥር ያስገባል። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 299/2006 የጤና ባለሙያ የታካሚውን ምስጢር እንዲጠብቅና ሕክምና ከመስጠቱ በፊት አስረድቶ ፈቃድ እንዲቀበል አዟል። በቅርቡ የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹ የግል መረጃዎች መድቦታል። ለካህናት አንባብያን የሚበልጠው ቁም ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ነው፤ በሙያቸው ያወቁትን ምስጢር ከሚገልጹና ከሚቀጡ ሰዎች መካከል የሃይማኖት አገልጋዮችንና ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና አዋላጆችን በአንድ አንቀጽ ይቆጥራል። የንስሐ አባትና ነርስ በአንድ ሚዛን የተቀመጡበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው።

በመስኮቱና በመጠበቂያው

በመጠበቂያው ስፍራ የሚፈጠረው ችግር ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ሳያስወጣ የሚስተካከል ነው። ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ በወለሉ ላይ መሥመር ማስመርና ተረኛው ከዚያ እንዲቆም ማድረግ፣ አግዳሚ ወንበሮችን ፊታቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞር፣ ለመዝጋቢው «ምንዎን አመመዎ?» የሚለውን ጥያቄ ትቶ «አዲስ ነዎት ወይስ ካርድ አለዎት?» እንዲል ማስለመድ ይበቃል። ሕመሙን የሚጠይቀው በተዘጋ ክፍል ያለው ባለሙያ ነው፤ ለመዝጋቢው የሚያስፈልገው ካርዱን ማግኘት ብቻ ነው። ታካሚው በካርድ ቁጥር ወይም በመጀመሪያ ስሙ ቢጠራ፣ «የስኳር ታካሚዎች ወደዚህ፣ የሳንባ ወደዚያ» የሚለው ጩኸት ቢቀር፣ ካርዱ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄድ ጽሑፉ ወደ ታች ተደርጎ ቢያዝ ብዙ ነገር ይድናል።

የባሰው የመድኃኒት መስኮት ነው። የመድኃኒት ባለሙያው አወሳሰዱን ማስረዳት ግዴታው ነው፤ ሳያስረዳ ቢሰጥ ጉዳቱ ይከፋል። ሆኖም በብረት ፍርግርግ መካከል ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያስረዳ ከኋላ ያሉት ሁሉ ይማራሉ። የአባላዘር በሽታ መድኃኒት የተጻፈለት ወጣት «ባለቤትዎም አብረው መውሰድ አለባቸው» የሚለውን ቃል በዚያ መስኮት ከሰማ ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይጠይቅ መድኃኒቱን ነጥቆ ይሄዳል። በጎን በኩል በመጋረጃ የተከለለች አንዲት ጠባብ ጥግ ማዘጋጀት ለዚህ መፍትሔ ናት። የአጥቢያ ክሊኒክ ያላቸው ኮሚቴዎች ለቀለምና ለአጥር ከሚያወጡት ገንዘብ ጥቂቱን ለዚህ ቢያውሉት መልካም ነው፤ በእኛ ግምት አዲስ ቀለም ከተቀባ ግድግዳ ይልቅ ይህች መጋረጃ ብዙ ታካሚ ትመልሳለች።

ስልኩ የማን ነው?

ዛሬ የክሊኒክና የታካሚ ግንኙነት ከፊሉ በስልክ ሆኗል። ቀጠሮ ይታወሳል፣ የላቦራቶሪ ውጤት መድረሱ ይነገራል፣ ከክትትል የቀረ ሰው ይፈለጋል። በካርዱ ላይ የተጻፈው የስልክ ቁጥር ግን የታካሚው ብቻ የሚሆነው ሁልጊዜ አይደለም። በገጠር ቤት አንድ ስልክ ለቤተሰቡ ሁሉ ያገለግላል፤ ቀን ቀን ልጅ ይዞት ይውላል፣ ማታ አባወራው ያነሣዋል። ቁጥሩ የጎረቤት ወይም የባለ ሱቅ የሆነበት ጊዜም አለ። አንዳንዱ ደግሞ ሲም ካርዱን ይጥልና ቁጥሩ ቆይቶ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ስለዚህ ጥሩ ክሊኒክ የስልክ ቁጥር ሲመዘግብ አብሮ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ፦ ስልኩ የማን ነው? ሌላ የሚያነሣው ሰው አለ? በየትኛው ሰዓት ቢደወል ይመቻል? ሌላ ሰው ቢያነሣው ምን እንበል? ጭራሽ እንዳይደወል የሚፈልግ ታካሚም ካለ ይህ በካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ባለሙያው ቢቀየርም ቃሉ እንዲጸና። ጥያቄዎቹ ሁለት ደቂቃ አይፈጁም። ሳይጠየቁ የቀሩ እንደሆነ ግን የሚከተለውን መገመት አያዳግትም፤ ነርሷ በመልካም ልብ ትደውላለች፣ ባል ያነሣል፣ «ከጤና ጣቢያ ነው፤ የምርመራ ውጤት ስለ ደረሰ ነው» ትላለች፤ ሚስቲቱም እስከዚያች ሰዓት መመርመሯን ለማንም አልነገረችም። ከዚያ በኋላ በቤቱ የሚሆነውን ነርሷ አታይም።

ሌላ ሰው ስልኩን ሲያነሣ መዋሸት አያስፈልግም፤ ሁሉን መናገርም አያስፈልግም። «ጤና ይስጥልኝ፤ ወይዘሮ እገሊትን ማግኘት እችላለሁ?» ይባላል። «የሉም፤ ከየት ነው?» ቢባል ደዋዩ ስሙን ብቻ ይናገራል፤ «ሲመቻቸው በዚህ ቁጥር ይደውሉልኝ» ብሎም ያበቃል። ታካሚዋ አስቀድማ የደዋዩን ስም ካወቀች መልእክቱ ደርሷል። ታካሚው ራሱ ያነሣ እንደሆነም ወዲያው ወደ ጉዳዩ መግባት አይገባም። ሙሉ ስሙንና ሌላ አንድ ነገር፣ ለምሳሌ የካርድ ቁጥሩን ወይም የመጨረሻ ቀጠሮውን ጠይቆ ማንነቱን ማረጋገጥ፣ ቀጥሎም «አሁን ለመነጋገር ይመቸዎታል?» ማለት ይቀድማል። ታካሚው በታክሲ ውስጥ፣ በሥራ ቦታ ወይም በለቅሶ ቤት ሊሆን ይችላል።

የጽሑፍ መልእክት ከዚህ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል፤ ምክንያቱም የተነገረ ቃል ያልፋል፣ የተጻፈው ግን ይቀመጣል። በብዙ ስልኮች ላይ መልእክቱ ሳይከፈት በፊት የመጀመሪያው መሥመር ፊት ለፊት ይታያል። «የኤች አይ ቪ መድኃኒትዎን የሚወስዱበት ቀን ነገ ነው» የሚል መልእክት የምስጢር መገለጥ ነው። «ነገ ጠዋት ቀጠሮ እንዳለዎ እናስታውሳለን» የሚለው ግን ሥራውን ይሠራል፣ ምስጢሩንም ይጠብቃል። የክሊኒኩ ስም ራሱ በሽታውን የሚናገር ከሆነ ስሙም አይጻፍም። በዚህ ረገድ ቋንቋችን የሰጠን አንድ ጥቅም አለ፤ «እርስዎ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ተቀባዩ ወንድ ይሁን ሴት አይገልጽም፤ «አንቺ» ወይም «አንተ» ብሎ የጀመረ ግን በጋራ ስልክ ላይ መልእክቱ ለማን እንደ ሆነ ከመነሻው ተናግሯል።

ማንበብ ለማይችል ታካሚ የሚላክ ጽሑፍ ምስጢር ሊባል አይችልም፤ አንብቦ የሚነግረው ልጁ ወይም ጎረቤቱ ነውና። ለእንዲህ ያለው ታካሚ የሚሻለው ቀጠሮውን በበዓል ቀን ማስላት ነው። «ከጥር ሚካኤል ማግሥት» የተባለ ሰው ወረቀትም መልእክትም አያስፈልገውም።

ስለ ቴሌግራምና ስለ መሰል የመልእክት መንገዶች አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። የላቦራቶሪ ወረቀትን ወይም ራጅን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለሌላ ሐኪም ማማከር በሥራ ላይ ይታያል፤ ጥቅምም አለው። ስሙና የካርድ ቁጥሩ ሳይሸፈን፣ ሃያና ሠላሳ ሰው ባለበት የጋራ ገጽ ላይ መለጠፉ ግን ምክክር አይባልም። ፎቶው በእያንዳንዱ ስልክ ውስጥ ይቀራል፤ ስልክም ይጠፋል፣ ይሸጣል፣ ለልጅ መጫወቻ ይሰጣል።

በስልክ ጭራሽ የማይነገሩ ነገሮችም አሉ። የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት፣ የካንሰር ጥርጣሬ፣ የጽንስ መጨናገፍ እነዚህን የመሰሉ ዜናዎች ፊት ለፊት፣ በተዘጋ በር፣ ለጥያቄ ጊዜ ተሰጥቶ ይነገራሉ። ስልኩ የሚያገለግለው ታካሚውን ለመጥራት ብቻ ነው።

በሰው በኩል የሚላክ መልእክት

የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በተለመደው አሰጣጥ 6 ወር ይፈጃል፤ ጥቂት ሳምንታት ተወስዶ ሳሉ ጋብ ሲል ብዙ ሰው ያቆማል። ያቋረጠ ታካሚ ለራሱ መድኃኒቱን የተላመደ በሽታ ያተርፋል፣ ለቤተሰቡም ያስተላልፋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒትም በሕይወት ዘመን ሁሉ የሚወሰድ ስለሆነ የቀረ ሰው መፈለጉ አይቀርም። ጤና ጣቢያው በስልክ ያላገኘውን በሰው ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም የምትላከው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት እነዚህ ሠራተኞች ለእናቶች፣ ለሕፃናት፣ ለመጸዳጃ ቤትና ለወባም ስለሚዞሩ በአንድ ደጅ መቆማቸው ብቻውን ምንም አይናገርም። ጥንካሬያቸውም በዚሁ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ለሌላ ሲተላለፍ ነው፤ «እገሌን ጤና ጣቢያ ይፈልጉታል በሉት» ተብሎ ለተማሪ፣ ለቀበሌ ታጣቂ ወይም ለዕድር ለፋፊ የተላከ ቃል ሰውየውን ያመጣው ይሆናል፤ በሁለተኛው ቀን ግን መንደሩ ሁሉ ምክንያቱን ይመረምራል። ታካሚው ክትትል ሲጀምር «ብቀር ማን ይፈልገኝ?» የሚለውን ራሱ መርጦ ስሙን ቢያስመዘግብ ይህ ሁሉ ይቀራል።

ትርጉም የሚያስፈልግበት ጊዜም እንዲሁ ነው። ታካሚዋ የምትናገረው ቋንቋና ባለሙያው የሚናገረው ሲለያይ አብሯት የመጣው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አስተርጓሚ ይሆናል። እናት በልጇ አፍ ስለ ማሕፀኗ እንድትናገር ማድረግ ዝም እንድትል ማድረግ ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ የክሊኒክ ሠራተኛ፣ ጥበቃም ብትሆን ምስጢር እንድትጠብቅ ቃል አስገብቶ፣ ከልጁ ትሻላለች።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የራሳችን ልማድ ነው። በአገራችን መርዶ ለብቻ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሌሊት ተጠብቆ፣ ዘመድ ዙሪያውን ይዞ ይነገራል። ይህን ልማድ ወደ ሕክምና ይዘነው ገብተናል። ልጆች ሐኪሙን ከበር ውጭ ይዘው «ለአባታችን እንዳይነግሩት፤ ለእኛ ይንገሩን» ይላሉ። አሳባቸው ፍቅር ነው፤ ለማቃለል አይገባም። ነገር ግን ሕመሙ የአባትየው ነው። መቼ እንደሚናዘዝ፣ ርስቱን ለማን እንደሚያወርስ፣ ቀዶ ሕክምናውን ይቀበል ወይስ ይተው የሚወስነው እርሱ ነው፤ ያላወቀ ሰው ደግሞ አይወስንም። ሕጉም ባለሙያው ለታካሚው እንዲያስረዳና ፈቃዱን እንዲቀበል ያዝዛል፤ ለዘመድ የሚነገረው በታካሚው ፈቃድ ነው። ብልህ ሐኪም ሁለቱን ያስታርቃል፦ ምርመራው ሳይጀመር አስቀድሞ «ውጤቱ ሲመጣ ለእርስዎ ልንገር ወይስ አብሮዎት እንዲሰማ የሚፈልጉት ሰው አለ?» ብሎ አባትየውን ራሱን ይጠይቃል። ብዙ አረጋውያን «ለታላቁ ልጄ ይንገሩት» ብለው ይመልሳሉ፤ ያን ጊዜ ለልጅ መንገሩ የአባትየው ትእዛዝ መፈጸም ነው። የንስሐ አባቶች ቤተሰቡን በዚህ ጉዳይ ቢመክሩ ሐኪሙ ከሚናገረው በላይ ይሰማሉ።

ምስጢር የሚጠብበት ጊዜ

የምስጢር ግዴታ ወሰን አለው። ራሱን የሳተ ሰው ሕይወቱን ለማዳን ዘመዶቹ ሊጠየቁ ይገባል። ለወረርሽኝ የሚያሰጉ በሽታዎች ለጤና መሥሪያ ቤት ሪፖርት ይደረጋሉ፤ ፍርድ ቤት ሲያዝ ማስረጃ ይቀርባል፤ ሕፃናትን በተመለከተ ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር መነጋገር ግድ ነው። በነዚህም ሁሉ ቢሆን የሚነገረው ለጉዳዩ የሚያስፈልገው ብቻ ነው። የነቀርሳ ታካሚ የቤት ሰዎች መመርመር አለባቸው፤ ስለዚህ ነቀርሳው ይነገራቸዋል፣ አብሮ ያለበት ሌላ ሕመም ግን አይነገራቸውም።

በአጥቢያው በኩል

ርዳታ የሚጠይቅ ምእመን የሐኪም ወረቀት ለሰበካ ጉባኤው ያቀርባል። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ለጸሓፊው ይሰጣል፣ ከጸሓፊው ወደ ሊቀ መንበሩ፣ ከሊቀ መንበሩ ወደ ገንዘብ ያዡ ይዞራል፤ በመጨረሻም ከደረሰኝ ጋር ተያይዞ በፋይል ይቀመጣል፤ ሒሳብ መርማሪም ያነብበዋል። ኮሚቴው ማወቅ የሚያስፈልገው ሕክምናው እውነት መሆኑንና ስንት እንደሚያስፈልግ ነው። ክሊኒኩ የበሽታውን ስም ትቶ «በሕክምና ላይ ናቸው፤ ለዚህ ያህል ወጪ ርዳታ ያስፈልጋቸዋል» የሚል ማስረጃ እንዲጽፍ መጠየቅ ይቻላል። ለምርመራ የግድ ዝርዝሩ ቢያስፈልግ አንድ የተመረጠ አባት አይቶ ለባለቤቱ ይመልሰዋል፤ በቃለ ጉባኤም «ማስረጃው ታይቷል» ተብሎ ይጻፋል።

በዐውደ ምሕረት ለሚደረግ ልመናም መጀመሪያ የሚጠየቀው ሕመምተኛው ነው፤ ስሙ እንዲጠራ፣ ፎቶው እንዲታይ፣ ሕመሙ እንዲነገር እያንዳንዱን ለየብቻ። ችግር የያዘው ሰው ለሁሉም «እሺ» ማለቱ ስለማይቀር «ስምዎ ሳይጠራም ርዳታው አይቀርም» ተብሎ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ ይህ ካልተነገረው ፈቃዱ ፈቃድ አይባልም። ለጸሎት ከሆነ መንገዱ ቀድሞውኑ አለ፤ በክርስትና ስም የሚጸለይለትን ሰው ጎረቤቱ ሳይቀር ማን እንደ ሆነ ላያውቅ ይችላል። ለለጋሾች በሚላክ ሪፖርት የሚወጣ ፎቶም በዚሁ ሥርዓት ይታያል፤ ይህ መጽሔት የሚደርሱትን ሥዕሎች ጭምር።

ወደ ጸበል ቦታ ለሳምንታት የሚሄዱ ምእመናን መድኃኒታቸውን ይዘው መሄድ እንዳለባቸው ካህናት ሲናገሩ በጅምላ፣ ለሁሉም ይናገሩ፤ «መድኃኒት የምትወስዱ» ብሎ እጅ ማስወጣት ተገቢ አይደለም። መድኃኒቱን ከአብሮ አደር ዐይን የሚያርቁበት የሚቆለፍ ሳጥን ቢዘጋጅ በምስጢር ፍርሃት የሚጣለው መድኃኒት ይቀንሳል። ሁኔታው የተረጋጋ የኤች አይ ቪ ታካሚ እስከ 6 ወር የሚበቃ መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚወስድበት አሠራር ስላለ ከጉዞው በፊት ክሊኒኩን እንዲጠይቅ መምከርም ይጠቅማል።

ክሊኒክ ያለው የሰበካ ጉባኤ በየወሩ ሪፖርት የመቀበል መብት አለው፤ የሚቀበለው ግን ቁጥር ነው። ስንት ሰው ታከመ፣ ስንት ገንዘብ ገባ፣ ምን መድኃኒት አለቀ ብሎ ይጠይቃል፤ «እነማን መጡ?» ብሎ አይጠይቅም። የካርድ ክፍሉ ቁልፍ በክሊኒኩ ኃላፊ እጅ ይሁን እንጂ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አይሰቀል። ዘመኑ ያለፈ ካርድ ሲወገድም ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ለባለ ሱቅ እንዳይሸጥ መጠንቀቅ ያሻል፤ በርበሬና ስኳር የሚጠቀለልበት ወረቀት የሰው ስምና የምርመራ ውጤት የተጻፈበት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የሚወገደው ካርድ በመዝገብ ተቆጥሮ፣ ሁለት ሰዎች በተገኙበት፣ እዚያው በክሊኒኩ ግቢ ይቃጠላል።